ጥቁር በርበሬ ይዛ የመጣች ሙሽራ

የእጅ ጽሑፌ አያምርም። ፊደልም እስታለሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። ሰው ፊት ማውራት ስለማልችል ይህን ተረት አያቴ ማታ ማታ እንደምታወራው አድርጌ ጻፍኩት። እናንተም እሷ የምታወራ መስሏችሁ አንብቡት።

ተረት ተረት።

ከእራት በፊት።

በድሮ ዘመን ዘርጋው የሚባል ነጋዴ ነበረ። ባሕር ተሻግሮ ሄደና ብዙ ዓመት ቆየ። ከዚያም ሜክሲኮ ከሚባል አገር ሚስት አግብቶ ተመለሰ። ስሟ ሲትላሊ ነው። ሲትላሊ ወርቅ አልያዘችም፣ ሐር አልያዘችም። አንድ ከረጢት ብቻ በብብቷ ሸጉጣ መጣች።

የዘርጋው እናት እማማ ትርንጎ ከረጢቱን አልወደዱትም። ጎረቤታቸው ማንጠግቦሽ ደግሞ ከሳቸው ይበልጥ አልወደደችውም። ማንጠግቦሽ ማለት፣ ልጆቼ፣ ጥላ ካየች «ይሄ ደግሞ የማን ነው?» ብላ የምትጠይቅ ሴት ናት።

ፋሲካ ሲቃረብ እማማ ትርንጎ ልጃቸውን ጠሩትና እንዲህ አሉት፦

«የዘንድሮን የፋሲካ ወጥ ሚስትህ ትሥራ። ዘመድ ሁሉ ይመጣል። ከበሉላት ምራቴ ናት። ካልበሉላት ግን ወደ አገሯ መልሳት።»

ዘርጋው አቀረቀረ። እናቱን አይደፍርም።

በዋዜማው ጠዋት ሲትላሊ ከረጢቱን ፈታች። በርበሬዋን ስፌድ ላይ ዘረገፈችና ውሃ ልትቀዳ ወጣች። እማማ ትርንጎና ማንጠግቦሽ ጠጋ ብለው አዩት። ጥቁር ነው። እንደ አሮጌ ቆዳ ተጨማዷል።

ማንጠግቦሽ፦ «እትዬ ትርንጎ፣ ይሄ ሻግቷል።»

እማማ ትርንጎ፦ «እስቲ ልቀሚው።»

እኛ በርበሬ ስንለቅም የጠቆረውን አይደል የምንጥለው? ማንጠግቦሽም ጥቁር ጥቁሩን ትለቅም ጀመር። ለቀመች፣ ለቀመች፣ ስፌዱ ላይ ምንም አልቀረም። ሁሉንም ጓሮ ደፋችው።

ሲትላሊ ተመለሰችና ባዶውን ስፌድ አየች። ጓሮ ወጥታ አንድ በአንድ ለቀመችና በጨርቅ ወልውላ አስገባችው።

እማማ ትርንጎ፦ «ምነው ልጄ፣ የተጣለ ትለቅሚያለሽ?»

ሲትላሊ፦ «አልሻገተም እማማ። ቀይ ሆኖ ከበሰለ በኋላ በፀሐይ ሲደርቅ ነው የጠቆረው። ያሽትቱት፣ ዘቢብ ዘቢብ ይላል። ብዙም አያቃጥልም።»

ማንጠግቦሽ፦ «የማያቃጥል በርበሬ? ታዲያ ምን ይሠራል? እንደ አማች ተከብሮ ሊቀመጥ ነው?»

ሲትላሊ፦ «ወጡን ያጣፍጠዋል፣ መልክም ይሰጠዋል። የሚያቃጥለው ይኼ ትንሹ ነው። በጭስ የደረቀ ስለሆነ ጥቂት ይበቃል።»

ማንጠግቦሽ፦ «በጭስ።»

ይህን አለችና እማማ ትርንጎን በዓይኗ ጠቀሰቻቸው።

ሲትላሊ የጥቁሩን በርበሬ ፍሬ አራግፋ፣ ለአፍታ ምጣድ ላይ አሙቃ፣ በሙቅ ውሃ ዘፈዘፈችው። ሲለሰልስም ፈጨችው። ከዚያም በቆሎ በኖራ ትቀቅል ጀመር።

ማንጠግቦሽ፦ «በኖራ? ግድግዳ ልትቀቢ ነው?»

ሲትላሊ፦ «ልጣጩ እንዲለቅ ነው፣ እትዬ። በደንብ ደጋግሜ አጥበዋለሁ። ከዚያ ፈጭቼ ስስ ቂጣ እጋግረዋለሁ።»

ሽንኩርት አቁላላች፣ ሥጋ ጨመረች፣ የተፈጨውን በርበሬ አስከተለች፣ ከሙን ነሰነሰች። ከሙኑ ሲሸት እማማ ትርንጎ ትንሽ ተረጋጉ። ከሙን ያውቃሉ። ግን ወዲያው ሲትላሊ የተቀቀለ አደንጓሬ አመጣችና ሥጋው ላይ ገለበጠችው። እማማ ትርንጎ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«የጾሙንና የፍስኩን በአንድ ድስት?»

ሲትላሊ፦ «እኛም አገር በዚህ ይጣላሉ፣ እማማ። የሚቀላቅል አለ፣ የማይቀላቅል አለ። የእናቴ ቤት ይቀላቅላል።»

በመጨረሻም አንድ ጥቁር፣ መራራ ነገር ፈቅፍቃ ጨመረች። ካካዋ ነው፣ ቸኮሌት የሚሠራበት። ማንጠግቦሽ ቀስ እያለች ወደ በሩ ተጠጋች።

«እትዬ ትርንጎ፣ አሁንስ በዓይኔ አየሁ። መድኃኒት አደረገችበት።»

ወሬው ከቤት ወደ ቤት ሮጠ። ዘመዱ ሁሉ «እዚያ ቤት አንፈስክም» አለ። ዘርጋው ይህን ሰማና እየሮጠ መጣ። ሲገባ እናቱ ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ነክረው ለሲትላሊ ዘርግተውላታል።

«ቅመሽው። እኛ ጾመኞች ነን፣ አንቺ ጾም የለብሽም። ቀምሰሽ ካሳየሽን ሁሉም ይበላል።»

ሲትላሊ ጭልፋውን አየችና ፊቷን አዞረች።

«አልቀምስም እማማ።»

ማንጠግቦሽ በሩ ላይ ሆና፦ «አላልኩም?»

ዘርጋው፦ «ሲትላሊ፣ እባክሽ። አንዴ ብቻ።»

«አልችልም።»

እማማ ትርንጎ፦ «ምን ብታደርጊበት ነው የማትችዪው?»

ሲትላሊ መሬት መሬት እያየች እንዲህ አለች፦

«ጾሜን ነኝ። ጾሙ ከገባ ጀምሮ አብሬያችሁ እየጾምኩ ነው። ለማንም አልተናገርኩም፣ ለዘርጋውም። ብናገር ታስመስላለች ትሉኛላችሁ ብዬ ፈራሁ።»

እማማ ትርንጎ፦ «ጠዋት ጠዋት የማስቀምጥልሽ ወተትስ?»

«ለድመቷ ነው የምሰጣት።»

እማማ ትርንጎ ድመቷን አዩ። ድመቷ ምድጃው አጠገብ ተዘርግታለች። ከውፍረቷ ብዛት መነሣት አቅቷታል።

ከዚያም እማማ ትርንጎ ጭልፋውን መለሱና ድስቱ ላይ አጎነበሱ። የጾመ ሰው ወጥ የሚቀምሰው በአፍንጫው ነው። አሸተቱ። ደግመው አሸተቱ።

«ጨው አንሶታል።»

ሲትላሊም አጠገባቸው አጎንብሳ አሸተተች።

«አዎ እማማ፣ ትንሽ አንሶታል።»

«ጨምሪበት እንግዲህ። አንቺ ማንጠግቦሽ፣ ሂጂና ዘመዶቹን ጥሪልኝ። የምራቴን ወጥ መጀመሪያ የምቀምሰው እኔ ነኝ በያቸው።»

ማንጠግቦሽ ሄደች። ከመውጣቷ በፊት ግን ድመቷን በእግሯ ነካ አድርጋ በሕይወት መኖሯን አየች።

ተረቴ ይኸው ነው። የእናንተ ጆሮ ጠገበ፣ የእኔ አፍ ባዶውን ነው። በሉ እንግዲህ አጉርሱኝ።