ማን ሞተ የተባለው ሰፈር

ከከተማው በስተምሥራቅ፣ የታክሲው አስፋልት አልቆ ኮብልስቶኑ በሚጀምርበት ዳገት ላይ «ማን ሞተ» የሚባል ሰፈር አለ። ወያላዎቹ ስሙን እንደማንኛውም ሰፈር እየተጣደፉ ሲጠሩት፣ ለቦታው እንግዳ የሆነ ተሳፋሪ ደንግጦ ዙሪያውን ያያል። የሰፈሩ ሰዎች ግን ለምደውታል፤ ሠርግ ሲደግሱ እንኳ በመጥሪያው ካርድ ላይ «ማን ሞተ፣ ከወፍጮ ቤቱ ዝቅ ብሎ» ብለው ሳይሳቀቁ ያጽፋሉ። ከስሙ ይልቅ እንግዳን የሚያስገርመው ልማዳቸው ነው። እዚያ ሰፈር ለቅሶ የሚደርስ ሰው፣ ባለሥልጣንም ይሁን የቀን ሠራተኛ፣ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ቆሞ ስሙን ከነአባቱ ሳይናገር አይገባም፤ የተቀመጡትም ካልሰሙት ያስደግሙታል እንጂ አያልፉትም። የዚህን ነገር መነሻ አዛውንቶቹ የሚያወሩት ወይዘሮ አስካለ ከሚባሉ ሴት ጀምረው ነው።

ቦታው ቀድሞ የሽምብራ ማሳ ነበር ይባላል። ሞባይል በየኪሱ ከመግባቱ በፊት በነበረው ዘመን፣ በቤት ሠሪዎች ማኅበር የተደራጁ ሰዎች ተመርተውት ከየአቅጣጫው መጥተው ሠፈሩበት። እነዚህ ሰዎች ከአሮጌ ሰፈራቸው ሲወጡ ጎረቤት ሰለቸን፣ በአንድ ቧንቧ መሰለፍ በቃን ብለው የወጡ ናቸውና ከቤቱ አስቀድመው አጥሩን ገነቡ፤ አጥሩም ቤቱን ዋጠው። ጠዋት በሰርቪስ ይሄዳሉ፣ ማታ ይመለሳሉ፣ የብረቱ በር ይዘጋል፤ በቃ። ዕድርስ አቋቁመው ነበር፣ ያውም ድንኳኑን ከነወንበሩ አዲስ ገዝተው። ግን የሞተ ሰው ስላልነበረ ድንኳኑ ከነመታሰሪያው ተቀምጧል፤ ሰዎቹም የሚተዋወቁት በቤት ቁጥር ነበር።

ወይዘሮ አስካለ ባላቸው የቤቱን ማለቅ ሳያዩ ሞተውባቸው፣ ልጅም ስላልነበራቸው፣ ብቻቸውን ገቡበት። በአሮጌው ሰፈር ግድግዳ ተጋርተው የኖሩ፣ ጎረቤት ሲያስነጥስ ከወዲህ ሆነው «ይማርሽ» ይሉ የነበሩ ሴት ናቸው። በአዲሱ ቤት የሚሰሙት ግን የራሳቸውን ነጠላ ጫማ ብቻ ሆነ። የመጀመሪያ ሰሞን አላፊ አግዳሚው ጎራ ቢል ብለው በሩን ገርበብ ያደርጉት ነበር ይባላል፤ የገባው ግን ውሻ ብቻ ነው። ከዚያ እሳቸውም እንደ ሰዉ ዘጉት። ከሁሉ የሚፈሩት አንድ ነገር ነበር፦ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ሳይኖር እዚያ ቤት ውስጥ መሞት።

እንደሚነገረው፣ አንድ ጊዜ ደብረ ብርሃን ያለችው እህታቸው ታማ መልእክት መጣባቸው። ሻንጣቸውን ይዘው ደጅ ወጡና «ቤቴን አደራ» የሚሉት ሰው ፈለጉ፤ ሰው መንገድ ሲወጣ ለጎረቤት እንዲህ ሳይል እንዴት ይሄዳል? ግራ አዩ፣ ቀኝ አዩ፤ በር ሁሉ ዝግ ነው። አንዱን ቢያንኳኩ ውሻ ጮኸባቸው። ቢጨንቃቸው ተመልሰው ገቡና፣ ሌባ እንኳ ሰው አለ ብሎ ይፍራ ብለው የበረንዳውን መብራት አበሩት። ከዚያ ቆልፈው ሄዱ።

መብራቱ ቀንም ሌሊትም ሲበራ ሰነበተ። ይህን ያየው የሰፈሩ ዘበኛና የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ጋሽ ንጋቱ ነው። በጠራራ ፀሐይ የሚበራ መብራት ደግ ነገር አልመሰለውም። በሩን በድንጋይ ቢደበድብ መልስ የለም። ወደ ዕድሩ ሰብሳቢ፣ ወደ መቶ አለቃ ገዛኸኝ ሄደ።

«እዚያ ቤት ያሉት ሴትዮ ሳይሞቱ አልቀሩም፣ ጌታዬ።»

«ብቻቸውን ናቸው እንዴ?»

«ሰው ሲገባላቸው አይቼ አላውቅም። ፊታቸውንም በደንብ አላውቀው።»

መቶ አለቃ ነገር ማንጠልጠል የማይወዱ ሰው ነበሩ። ጋሽ ንጋቱ ጥሩምባውን ነፍቶ ሲያበቃ በሩን የሚከፍት ፖሊስ ይዞ እንዲመጣ አዘዙት፤ እስከዚያው ድንኳኑ ይተከል አሉ። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ሰዉ ተግተልትሎ የወጣው አዝኖ ብቻ አይደለም። ያንን ድንኳን አንድ ቀን ተዘርግቶ ሊያየው ጓጉቶም ነበር። ገና የፋብሪካ ሽታው አልለቀቀም፤ የትኛው ቋሚ የት እንደሚገባ የሚያውቅ ጠፍቶ ወንዶቹ ተጨቃጨቁበት።

ወይዘሮ አስካለ እህታቸው ተሽሏት የተመለሱት በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። መንገዱ ጠባብ በመሆኑ ድንኳኑ ከእሳቸው በር እስከ ፊት ለፊቱ በር ደርሶ ስላዩት፣ የሞተው የፊት ለፊት ጎረቤታቸው መሰላቸው። ጎረቤት ሲሞት አለመኖራቸው አሳፈራቸው። ሻንጣቸውን ጥግ አስቀምጠው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡና ደጃፉ አጠገብ ካለው ወንበር ተቀመጡ። ቀና ብሎ ያያቸው አልነበረም፤ ያየም ቢኖር አያውቃቸውም።

«ማን ነው የሞተው፣ ልጄ?» አሉ አጠገባቸው የተቀመጠችውን ወጣት ሴት።

«እዚህ ግቢ ያሉ ሴትዮ ናቸው አሉ» አለች፣ በአገጯ እያመለከተች።

አገጯን ተከትለው ቢያዩ የራሳቸው በር ነው። ሊነሡ ፈለጉ። ቀጥሎ ደግሞ፣ እስቲ ምን ይሉኝ ይሆን የሚል ሐሳብ መጣባቸውና ጆሯቸውን አቀኑ። ወንዶቹ ስለ ውኃ መጥፋት፣ ሴቶቹ ስለ ልጆቻቸው ጉንፋን ያወራሉ። ልጃቸውን ሊጠይቁ ከገጠር የመጡ፣ ሙሾ የሚያውቁ አንዲት አሮጊት ነበሩና፣ ያለ እንባ መቀመጡ ነውር ሆኖባቸው ተነሡ።

«ስማቸው ማን ነው?» አሉ። «አገራቸውስ? ልጅ አላቸው? ደግ ነበሩ፣ ክፉ ነበሩ?»

«አላወቅናቸውም፣ እማማ» አለ አንዱ።

«ታዲያ ምን ብዬ ላልቅስላቸው?» አሉና አሮጊቷ ተመልሰው ተቀመጡ።

ያን ጊዜ ወይዘሮ አስካለ አለቀሱ። ለባላቸው እንኳ እንደዚያ አላለቀሱም ይባላል፤ የፈሩት ነገር በቁማቸው ደርሶባቸዋልና። ወጣቷ ትከሻቸውን ያዘቻቸው።

«ያውቋቸው ነበር እንዴ?»

«ትንሽ» አሉ።

በመካከሉ ጋሽ ንጋቱ ፖሊሱን ይዞ ደረሰ። ፖሊሱ በሩን ከመስበሩ በፊት የሟችን ስም ጠየቀ። መቶ አለቃ ገዛኸኝ የቤቱን ቁጥር ነገሩት። ቁጥር አልጠየቅሁም፣ ስም ነው ያልሁት አላቸው ፖሊሱ።

«አስካለ ትባላለች» የሚል ድምፅ ከደጃፉ በኩል መጣ። «አስካለ ወልደየስ።»

«እርስዎ ምናቸው ነዎት?»

ወይዘሮ አስካለ ተነሡ፤ እጃቸውን ወደ ጉያቸው ሰደዱ። «በሩን አትስበረው» አሉት። «ቁልፉ እኔ ጋ ነው።»

ከዚህ በኋላ ስለሆነው ነገር ሽማግሌዎቹ አይስማሙም። ገሚሱ ሰዉ በድንጋጤ ሸሸ ይላል፤ ገሚሱ ደግሞ አሮጊቷ እልል አሉ ይላል። አንድ የሚሆኑት፣ ጥሩምባውን ዘግይተው የሰሙ ሰዎች እስኪመሽ ድረስ እየመጡ «ማን ሞተ?» ሲሉ የሚመልስላቸው በመጥፋቱ ላይ ነው፤ የሰፈሩም ስም ከዚያ ወጣ። ወይዘሮ አስካለ በራቸውን ወለል አድርገው ከፈቱና፣ ግቡ አሉ፣ እህል ቅመሱ አሉ። ግን በሩ ላይ ቆመው የእያንዳንዱን ስም ሳይጠይቁ አንድም ሰው አላሳለፉም። ሲመሽ ሰዉ ወደየቤቱ ሄደ፤ የብረት በሮቹም እንደ ወትሮው አንድ በአንድ ተዘጉ። ወይዘሮ አስካለ እንደገና ብቻቸውን ቀሩ፤ ይሁን እንጂ በዚያ ምሽት የሚዘጋው በር የማን እንደሆነ እያወቁ ሰሙት።

ወይዘሮ አስካለ ብዙ ዘመን ኖረው የሞቱት፣ እህታቸው ዘንድ ሄደው ሳለ ነው፤ እዚያው ተቀበሩ። ሰፈሩ ወሬውን ሲሰማ ያለ አስከሬን ድንኳን ተከለ። ሰው ሁሉ በእሳቸው ወግ ስሙን እየተናገረ ገባ። ድንኳኑ ሞላ፣ ሙሾ የሚያወርዱትም ብዙ የሚሉት ነበራቸው፤ ግን የሚጀምር ጠፋ፣ ሁሉም፣ እንደዚያ ቀን በቁማቸው ይገቡ ይመስል፣ ወደ ደጃፉ ያያል። በመጨረሻ መቶ አለቃ ገዛኸኝ፣ በምርኩዝ የሚሄዱ ሽማግሌ ሆነው ነበር፣ ተነሥተው ደጃፉ ላይ ቆሙ። ፊታቸውን ወደ ሰዉ አዙረው «አስካለ ወልደየስ» አሉ።

ድንኳኑ በሙሉ «ይግቡ» አለ።

ዛሬም በማን ሞተ የመጨረሻው ለቀስተኛ ከተቀመጠ በኋላ አንድ ሰው ደጃፉ ላይ ይቆምና የሟቹን ስም ይናገራል። ሰዉ «ይግቡ» ይላል፤ ጥቂት ይጠብቃል፤ የሚገባ የለም። ለቅሶው የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።