«አላውቅም» ያለው አዋጅ ነጋሪ

አንድ ጓንጉል የሚባል የንጉሥ አዋጅ ነጋሪ ነበረ። ነጋሪቱን ጎስሞ «ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ሲል ገበያው ጸጥ ይላል፤ ሻጭ ሚዛኑን፣ ገዢ ጭቅጭቁን ያቆማል። ታዲያ ጓንጉል የሚጮኸውን ነገር አንድ ቀን እንኳ «እውነት ይሆን?» ብሎ ጠይቆ አያውቅም። ሥራው መጮህ ነው፣ ይጮኻል።

የሳል ወረርሽኝ ወደ አገሩ የመጣ ጊዜ መጀመሪያ «በሽታው የቆላ ነው፣ ወደ ደጋ አይወጣም» በል ተባለ፤ አለ። በሽታው ወጣ። «ወጥቷል፣ ግን ቀላል ነው» በል ተባለ፤ ይህንንም አለ። መቃብር ቆፋሪ እረፍት ሲያጣ ደግሞ «ለቅሶ ቤት እንዳትገቡ፣ እንዳትተቃቀፉ» በል ተባለ። ይሄኔ ሕዝቡ ሳቀበት። «ነጋሪቱ ሦስት ምላስ አብቅሏል» ተባባለና በየሰፈሩ የወሬ ገበያ ደራ። አንዱ «ነጭ ሽንኩርት አንገትህ ላይ እሰር፣ አይነካህም» ይላል። ሌላው «የምን በሽታ? ለቅሷችንን ሊነጥቁን ነው እንጂ!» ይላል። አይ ሰው! ሁሉም ለጆሮው የጣፈጠውን ይዞ ወደ ቤቱ ገባ።

በዚህ መሃል የጓንጉል ልጅ ብርነሽ የክርስትና እናቷ ሞተችባት። ብርነሽ ጨቅላ ልጇን አዝላ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስትወጣ አባቷ በሩ ላይ ቆመ።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ለቅሶ ነዋ! የት እሄዳለሁ?»

«ተከልክሏል ስል አልሰማሽም? ያውም ይህን ጨቅላ ይዘሽ!»

«ሰምቻለሁ አባዬ። በሽታው ወደዚህ አይወጣም ስትልም ሰምቻለሁ። እስቲ ንገረኝ፣ አሁን የከለከለኝ ነጋሪቱ ነው ወይስ አንተ? ዛሬ ለእሷ ካላለቀስኩ ነገ ለእኔ ማን ያለቅስልኛል?»

ለካ ልጁ የጠየቀችውን ጓንጉልም አያውቀውም። አፈረ፤ ከእፍረቱ በላይ ግን የማወቅ ጉጉት ያዘው። በሽታው እውነት በመተቃቀፍ ይጋባል? ማን አየ? ደግሞስ የልጅ ልጁ ሕይወት ነው። «ሄጄ እስክመለስ ብቻ ታገሺኝ፣ በሞቴ!» ብሎ ለመናት። «እስክትመለስ ብቻ» አለችው ፊቷን አዙራ።

ነጋሪቱን ትቶ ከወንዙ ማዶ፣ በሽተኞቹ ተለይተው ወደሚተኙባቸው ጎጆዎች ወረደ። በሽተኞቹን የሚያክመው ሐኪም ገና ከሩቅ ሲያየው «እዚያው ቁም!» አለው። «አዋጅህን ከዚህ ሆኜ እሰማለሁ። መጥተህ ስትጠይቅ ግን ዛሬ ገና አየሁህ።»

«ዘገየሁ። የምታውቀውን ንገረኝ፤ በምን እንዳወቅከውም ጭምር።»

«ለቅሶ ቤት ገብተው ተቃቅፈው ያለቀሱት ተከታትለው እዚህ መጡ። ደጅ ቆመው ያለቀሱት ግን አብዛኞቹ ደህና ናቸው። እየው፣ ራስህ ተመልከት።»

ጓንጉል ወደ ጎጆዎቹ አሻግሮ አየ። ደጃፉ ላይ ተቀምጠው የሚያስሉትን አወቃቸው፤ በቅርቡ በሞተው ሸማኔ ለቅሶ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው የነበሩ ናቸው።

«ነጭ ሽንኩርቱስ?»

«ካሰሩትም የዳነ አለ፣ የሞተም አለ። ካላሰሩትም እንደዚያው።»

«መድኃኒቱስ? መቼ ነው የሚያበቃው?»

«አላውቅም» አለ ሐኪሙ።

ጓንጉል ከአዋቂ አፍ ይህን ቃል ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። የገረመው ደግሞ፣ ይህን ከሰማ በኋላ ሐኪሙ ቀደም ሲል የነገረው ሁሉ ይበልጥ ተዋጠለት።

ተመልሶ ከቤቱ ደጅ ራቅ ብሎ ቆመ። ብርነሽና ለቅሶ የሚወጡ ጎረቤቶች ተሰብስበው ጠበቁት። «ዛሬ የታዘዝኩትን አይደለም የምነግራችሁ» አለ። ከወንዝ ማዶ ያየውን ነገራቸው፤ ከሐኪሙ የሰማውን «ይህን ሰማሁ እንጂ አላየሁም» እያለ ለየላቸው። መድኃኒቱን ሲጠይቁት «አላውቅም፣ ሐኪሙም አያውቅም» አለ።

«አላውቅም የሚል አዋጅ ነጋሪ! የዘንድሮ ጉድ!» አሉ አንድ ሽማግሌ። ሰው ሳቀ። ብርነሽ ግን አልሳቀችም።

«የቆላ ነው ያልከንስ?»

«ተሳስቼ ነበር፤ ሳልጠይቅ ጮህኩ።»

«ይህም ነገ ቢለወጥስ?»

«አዲስ ነገር ካየሁ ይለወጣል። ለምን እንደተለወጠም እዚሁ ቆሜ እነግራችኋለሁ።»

ብርነሽ ልጇን አውርዳ ቤት አስተኛች። ከዚያ ወደ ለቅሶው ቤት ሄደች። አልገባችም፤ ከአጥሩ ውጭ ቆማ «እናቴን!» ብላ ድምፅዋን አሰማች። ጎረቤቶቹም ተከትለዋት በአጥሩ ዙሪያ ተራርቀው ቆመው አለቀሱ። የሟች ባል ድምፁን ሰምቶ ወደ ደጅ ወጣና እየዞረ ለሁሉም እጅ ነሳ። ያቺ ሴት አልቃሽ አላጣችም።

ወሬው ለንጉሡ ደረሰና ጓንጉል ተጠራ። «በእኔ ስም 'አላውቅም' ብለህ ጮህክ? መሳቂያ ልታደርገኝ ነው?»

«ንጉሥ ሆይ፣ ሺህ ዓመት ይንገሡ! የተሳቀብንስ ሁሉን አዋቂ ስንሆን ነው። 'አላውቅም' ያልኳቸው ቀን ግን 'አውቃለሁ' ያልኩትን አመኑኝ።»

ንጉሡም ጢማቸውን እያሻሹ «ለመሆኑ ያ የነገረህ ሐኪም በየት በኩል ነው ያለው?» ብለው ጠየቁ።

እንግዲህ የነገሩ ፍሬ ይህ ነው፤ መታመን በጩኸት ብዛት አይገኝም። ሁሉን አውቃለሁ የሚል ሰው ሲሳሳት ይደብቅብሃል፤ የሚያውቀውን ከማያውቀው ለይቶ የሚነግርህ ግን ስህተቱንም ይነግርሃል። ወረርሽኝ ሲመጣ ወሬም አብሮት ይመጣልና፣ እስቲ ወዳጄ፣ አምነህ የምትሰማቸውን ሰዎች አንድ በአንድ አስባቸው። ከመካከላቸው «አላውቅም» ብሎህ የሚያውቅ ማን አለ?