እንስራው የት ይውረድ

አንድ ሰው ነበረ። ሀብታም ነበር፤ ስሙን ግን ከሀብቱ አብልጦ ይወድ ነበር። እርጅና ሲጠጋው በከተማው መካከል ትምህርት ቤት አሠራ። ግድግዳው ሲመረግ ጭቃው የተቦካበትን ውሃ ከምንጭ ያመላለሱት የከተማው ልጃገረዶች ናቸው። የገዛ ልጁ አንጓችም አብራቸው ስትቀዳ ከርማለች። ሥራው ሲያልቅ ሰውዬው፣ «ወንድም ሴትም ይግባ፤ በሩ ለሁሉም ክፍት ነው» ብሎ አስነገረ። ሕዝቡ እሰየው አለው። ምስጋና ሲሆን ጆሮው አይጠግብም ነበርና ደስ አለው።

በምረቃው ቀን እንግዶች መጡ፣ ሽማግሌዎች መረቁ፣ ወንዶቹ ልጆችም ወንበሩን ሞሉት። ከሴት ግን አንዲት እንኳ አልነበረችም። ሰውዬው ይህን ልብ አላለም፤ ልብ ያለው አንድ እንግዳ ነው።

«ሴቶቹስ?» አለው በትሕትና።

«በሩ ክፍት ነው፤ እነሱው አልመጡም። ምን ላድርግ?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ብሎ ሊያግዘው ሞከረ።

እንግዳው ግን አልለቀቀውም። «የእርስዎስ ልጅ?» አለው።

ሰውዬው ቶሎ ብሎ ልጁን አስጠራት።

አንጓች እንስራዋን እንዳዘለች መጣች፤ ከምንጭ እየተመለሰች ነበር። የተጠራችው እንግዶቹ ውሃ ጠምቷቸው መሰላት። የበሩ ደፍ ላይ ቆመችና፣ «አባባ፣ እንስራው የት ይውረድ?» አለች።

ወንዶቹ ልጆች ሳቁ። ሰውዬውም አብሮ ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ ሳቁ ግን እምቢ አለው። ገመዱ ትከሻዋ ላይ ያወጣውን ሰንበር ያየው ገና ያን ጊዜ ነው። ይህን ያህል ዘመን በአንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ አይቶት አያውቅም። አፈረ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። ተነሥቶ በሰው ሁሉ ፊት ገመዱን ፈታላትና እንስራውን በገዛ እጁ አወረደው።

«በይ ግቢ፣ ልጄ።»

እሷ ግን አልገባችም። እንስራውን አየች፣ አባቷንም አየች።

«ነገስ፣ አባባ?» አለችው ቀስ ብላ። «ነገስ ማን ይቀዳል?»

ሰውዬው መልስ አጣ። ያ የተረተው ሽማግሌም አንገቱን ደፋ። አንጓች ጥቂት ጠበቀች። ከዚያ ጎንበስ ብላ እንስራዋን አዘለችና ወደ ቤቷ ሄደች።

የኔታ ይህን ተረት ተናግረው ወደ ጠያቂያቸው፣ ወደ ከተማው ከንቲባ ዞሩ።

«ትምህርት ቤት በየቦታው ሞልቶ፣ የሚከለክላቸው ሳይኖር፣ ሴቶቹ ለምን ጥቂት ሆኑ ብለህ ጠየቅኸኝ። ያ ሰው አንተ ነህ፣ ልጄ። በር መክፈትማ አናጢም ይከፍታል። እንስራውንም ሰው እያየህ ለአንድ ቀን ታወርደው ይሆናል። ዛሬ ቤትህ ስትገባ ልጅህ እጅህን ታስታጥብሃለች። ያን ውሃ ማን እንደቀዳው ጠይቃት። ‹ነገስ?› ያለችህ እንደሆነ ግን እንደዚያ ሰው ዝም አትበላት።»

ከንቲባው እጆቹን ጋቢው ውስጥ ከተታቸው።