ፈልጎ የዞረ ፊት

ሰውነቱ ሳይፈልግ የሚወራጭበት ሰው ፊት ለፊታችን ሲመጣ ዓይናችንን የት እናሳርፍ? ብናየው አፈጠጡብኝ ይላል፤ ባናየው ተጠየፉኝ ይላል። ራቢያ የምትባል ሴት ይህን ጥያቄ ይዛ ልጇን ዳረች፣ የልጅ ልጅም አየች፤ መልሱን ግን አላገኘችውም ይባላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በድሮ ጊዜ፣ በአንዲት የቆየች ከተማ፣ ሸህ ጀውሐር የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። ጠዋት ጨርቅ ይሸጣሉ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ተማሪ ሰብስበው ኪታብ ያቀራሉ። ዱዓቸው መሬት አይወድቅም እየተባለ ከሩቅ አገር ሳይቀር ሰው ይመጣባቸው ነበር።

ራቢያ ያኔ ልጅ እግር እናት ናት፤ ሁለት ልጅ ቀብራለች። ሁለቱም አርባ ቀን አልሞላቸውም። ሦስተኛዋን ነጃትን ስትወልድ እንቅልፍ የሚባል ጠፋባት። ልጅቷ በተኛች ቁጥር ጆሮዋን ደረቷ ላይ ለጥፋ ትንፋሿን ታዳምጣለች። ሸህ ጀውሐር ዘንድ ተህኒክ የተደረገለት ልጅ ያድጋል ሲሉ ሰማች። ተህኒክ ማለት ደግ ሰው ተምር አኝኮ በጣቱ የሕፃኑን ላንቃ ሲቀባው ነው፤ የነቢያችን ሰ.ዐ.ወ ሱና ነው። ሲወለዱ ነው፣ ዘግይተሻል ቢሏትም አልሰማችም፤ አርባዋን በጨረሰች ማግስት ልጇን አቅፋ መንገድ ጀመረች።

የሸሁ በር ላይ ሴቶች ተራ ይጠብቃሉ። ከግድግዳው ሥር አንድ ጎልማሳ ሰው ተቀምጧል። ራቢያ ልትቀመጥ ጎንበስ ስትል የሰውየው አንገት ድንገት ወደ ቀኝ ዞረ፣ ትከሻው ዘለለ፣ ከጉሮሮውም "ሕቅ!" የሚል ድምፅ ወጣ። ወዲያው ደገመው። ራቢያ ልጇን በሻሿ ሸፈነችና ሸይጧን እንዳየ ሰው ፊቱ ላይ ጮኸች።

"አዑዙ ቢላሂ ሚነ ሸይጧኒ ረጂም!"

ሰውየው ቀና አለ። "ወዐለይኪ ሰላም፣ እህቴ" አላት፣ ሰላም እንዳለችው ሁሉ ረጋ ብሎ።

ሴቶቹ ሳቁ።

"ነይ ወዲህ ራቅ በይ፤ ለጨቅላ ይጋባል" አለቻት አንዷ።

"ኧረ ዝም በይ፤ ይሄ ቡሽራ አዛን ሲል እኮ ወፍ እንኳ ይሰማዋል" አለች ሌላዋ።

"አዛን ሲልማ አንገቱ ሦስቴ የመካን ቂብላ ይስታል!"

እንደገና ሳቁ። ቡሽራ መሬት መሬት አየ።

ተራዋ ደርሶ ገባች። ሸህ ጀውሐር ሕፃኗን ተቀበሉ፣ ዱዓ አደረጉላት፣ ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ቡሽራ፣ ተምሩን ይዘህ ና" አሉ። ያ ሰው ገባ። ራቢያ ተነስታ ቆመች።

"ሸህዬ፣ እሱ ምን ሊያደርግ?"

አዛውንቱ አፋቸውን ከፍተው ድዳቸውን አሳዩዋት። "ጥርሴ ካለቀ ሰባት ዓመት ሆነው። የሚያኝከውም የሚቀባውም እሱ ነው። አደጉ የተባሉት ልጆች ሁሉ የሱን ጣት የጠቡ ናቸው።"

"በውሃ ታሽቶ… በእርስዎ ጣት አይሆንም?"

ሸሁ አይሆንም ቢሉ ማን ይከራከራቸዋል? "ይሆናል" አሉ። "አልዋሽሽም ልጄ፣ ይሆናል። ዱዓውም ያው ነው። ግን እኔን ለምን መረጥሽ?"

"አላህ ይሰማዎታል ሲሉ ሰምቼ ነዋ።"

"እሱ ቁርዓኑን ከኔ አጥርቶ በቃሉ ሐፍዟል። እኔ የምበልጠው በጢም ነው።"

"ይተዉአት ሸህዬ፣ እናት ናት" አለ ቡሽራ። አንገቱ ዞረ፤ "ሕቅ!" አለ፤ ቀጠለ። "ብትፈራ እውነቷን ነው። እጄም አንዳንዴ ይዘላል።"

ራቢያ አፈረች። የሰደበችው ሰው ቆሞ ይሟገትላታል። ልጇን ይዛ መሄድ ትችላለች፤ ማንም አልያዛትም። እሷ ግን ጠየቀችው።

"ሊመጣ ሲል ታውቀዋለህ?"

"አውቀዋለሁ። እንደ ማስነጠስ በይው። መምጣቱን ታውቂያለሽ፤ መመለስ ግን የለም።"

ራቢያ ተቀመጠች። ሸሁ "በልብሱ ላይ ክንዱን ያዢው" አሏት። ቡሽራ አፉን ተጉመጠመጠ፣ ተምሩን አኘከ፣ "ቢስሚላህ" አለ። ክንዱን በእጅጌው ላይ ጥብቅ አድርጋ ያዘችው። ጣቱ የልጅቷ ከንፈር ጋ ሲደርስ ከእጅጌው ሥር አንድ ነገር ሊፈላ እንደደረሰ ውሃ ሲንቀጠቀጥ ተሰማት።

"ቆይ" አለና እጁን መለሰ። አንገቱ ዞረ፣ ትከሻው ዘለለ፣ ክንዱ ከእጇ ሊያመልጥ ተፈናጠረ። አለፈ።

"አሁን" አለ።

ጣቱን አስገባ። ነጃት ላንቃዋን ተቀባች፣ ከዚያ ጣቱን ይዛ ትጠባ ጀመር። ያ ሁሉ የሚዘል ክንድ ምንም ሳይነቃነቅ ቆመ። "ሱብሓነላህ" አሉ ሸሁ በቀስታ። ራቢያ ሸይጧን ያለችው ሰው ለልጇ ሲል የገዛ ሰውነቱን መወራጨት ጠብቆ ሲያሳልፍ በዓይኗ አይታለች።

"አውፍ በለኝ" አለችው። "ሰላም እንኳ አላልኩህም። አሰላሙ ዐለይኩም።"

"እኔማ ቅድም መልሼልሻለሁ" አለ ቡሽራ እየሳቀ።

ሸህ ጀውሐር ተደግፈው እስከ በሩ ሸኟት። እነዚያ ሴቶች ብድግ አሉ። አዛውንቱ እንዲህ ብቻ አሉ፦

"የሱ አንገት ሳይፈልግ ዞረ። የኛ ፊት ፈልጎ ዞረ። አላህ የሚጠይቀን ፈልጎ ስለዞረው ነው።"

ነጃት አደገች፣ አልሐምዱሊላህ። የቡሽራ አንገት ግን እስከ ሽምግልናው መዞሩን አልተወም፤ ሸሁም ይድናል ብለው ለማንም አልዋሹም። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። "ይሆናል" ያሉት ቃል ራቢያን ሊመልሳት ይችል ነበር፤ እሳቸው ግን እውነቱን ነግረው በሩን ክፍት ተዉት፤ እሷም ራሷ ገባችበት። በሩ ላይ ያሉትም፣ ሳትፈልጊ የመጣውን እንቅስቃሴ አላህ አይጽፈውም፤ ፈልገሽ ያዞርሽውን ፊት ግን ይጽፈዋል ማለታቸው መሰለኝ።

ያም ሆኖ ጥያቄው አልቀረም። መኪና ውስጥ ትከሻዋ የሚዘል ሴት ፊት ለፊት ተቀምጣ፣ ያቀፍነው ልጅ ጮክ ብሎ "እማዬ፣ ምን ሆና ነው?" ሲል ምን ይባላል? ዝም ይባላል? ሰላም ይባላል? ልጅስ ሳያሳፍራት፣ ሳይፈራም እንዴት ይማር? ራቢያ ያጣችውን መልስ የምታውቁ ካላችሁ፣ ለአላህ ብላችሁ ምከሩን።