ጥርሱን የደበቀው ሜሞሪ

ተረት ይዣለሁ፤ ላውርድላችሁ? «አውርጂልን!» በሉኛ። ጎሽ፤ እንግዲህ ጠጋ በሉና ስሙኝ።

ዱሮ ዱሮ፣ ዕቃውም ከብቱም እንደ ሰው በሚያወራበት ዘመን፣ በአንዲት የወረዳ ከተማ ወይዘሮ ትርንጎ የምትባል ጸሐፊ ነበረች። ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጣ የሰውን አቤቱታ በኮምፒዩተር ትጽፋለች። ኮምፒዩተሯ አሮጌ ናት። እንዴት ያለች አሮጌ! «ሀ»ን ተጭነው «ሀ» እስክትመጣ ድረስ ሰው ተናፍጦ፣ መሐረቡን አጥፎ፣ ኪሱ ይከታል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አያ ደምለው የሚባሉ ሽማግሌ በበቅሎ መጡ። በቅሎዋን ደጅ አሰሩና ገቡ።

«እቴ ትርንጎ፣ አንድ ጉልበተኛ ምንጫችንን አጠረብን። ሴቶቻችን ውኃ ፍለጋ ግማሽ ቀን ይሄዳሉ፤ ጥጆቻችን እያለቁ ነው። አቤቱታ የሚያየው የወረዳው ኮሚቴ የሚቀመጠው ዓርብ ጠዋት ነው። ዓርብ ካመለጠን ለከርሞ ነው።»

«ይንገሩኝ፣ እጽፋለሁ» አለች ትርንጎ።

እሳቸው ይናገራሉ፣ እሷ ትጽፋለች። እሳቸው ይናገራሉ፣ እሷ ትጽፋለች። አንዱን ገጽ በጨረሰች ቁጥር ኮምፒዩተሯ ሆድ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ስድስት ገጽ ሞላ። ሰባተኛው ላይ ኮምፒዩተሯ ቀጥ አለች።

«ምን ሆንሽ ደግሞ?» ብላ ትርንጎ ጎኗን በመዳፏ መታቻት።

«እኔን ለምን ትመቺኛለሽ?» አለች ኮምፒዩተሯ። «ሜሞሪውን ጠይቂው።»

ሜሞሪ ማለት፣ ልጆቼ፣ ኮምፒዩተር የያዘችውን ሥራ እስክትጨርስ ድረስ ሁሉን በእጁ ይዞላት የሚቆም ነው። እጁ ከሞላ ሥራው ይቆማል። የትርንጎ ኮምፒዩተር አንድ ትንሽ ሜሞሪ ብቻ ነበራት። ከጎኑ ሌላ የሚገባበት ባዶ መቀመጫ አለ፤ አቧራ ለብሷል።

ትርንጎ ብሎኑን ፈታች፣ ክዳኑን አነሳች። «ከበደህ እንዴ?» አለችው።

«ማን? እኔ? ኧረ ምንም አልከበደኝም!» አለ ሜሞሪው፣ እያለከለከ።

«እቴ፣ ጎረቤትሽን ይርዳውን ብንጠራውስ?» አሉ አያ ደምለው። ይርዳው ከአጠገቧ ሬዲዮና ኮምፒዩተር የሚጠግን ሰው ነው።

«ይርዳውን? ሞቼ ነው ቆሜ! አምና ኮምፒዩተሬን ‹ሙዚየም ውሰጃት› ብሎኛል።»

ተነስታ መናኸሪያው ጋ ካለው ዕቃ ሻጭ አዲስ ሜሞሪ ይዛ መጣች። ከባዶው መቀመጫ ላይ አድርጋ ገፋችው።

«ወይኔ! አትግፊኝ!» ብሎ ጮኸ አዲሱ። «የኔ ስንጥቅ ወደ ግራ ነው፣ የመቀመጫው ጉብታ ወደ ቀኝ ነው። እኔ የሌላ ዓይነት ኮምፒዩተር ሜሞሪ ነኝ፤ ብትሰብሪኝም አልገባም!»

«ሜሞሪ ሁሉ አንድ አይደለም እንዴ?»

«በቅሎና አህያ አንድ ናቸው?»

ከደጅ በቅሎዋ ይህን ሰምታ አኮረፈች። ትርንጎ ሜሞሪውን መልሳ ወሰደች። ሱቁ ተዘግቷል። ማክሰኞ እንዲሁ ሄደ።

ረቡዕ ትክክለኛውን ዓይነት አመጣች። ይሄኛው ገር ነው። «ጤና ይስጥልኝ» አለው ነባሩን። «ላግዝህ ነው የመጣሁት።»

ነባሩ ሜሞሪ ፊቱን አዞረ። በልቡ «ዛሬ ካገዘኝ ነገ ይተካኛል» ይላል። ደግሞም ሌላ የደበቀው ነገር ነበረው።

ትርንጎ አዲሱን ከጎኑ ሰካችና ኮምፒዩተሯን አስነሳች። ጢጥ! ጢጥ! ጢጥ! አለች ኮምፒዩተሯ። ጽሑፉ የሚታይባት መስኮቷ ጨለመ።

«አየሽ?» አለ ነባሩ። «እሱ ነው። እሱ ሳይመጣ እንዲህ ሆኜ አውቃለሁ?»

ትርንጎ አዲሱን አወጣችውና ኮምፒዩተሯን ደግማ አስነሳች። ጢጥ! ጢጥ! ጢጥ! እንደ ጨለመች ናት።

«አሁንስ? አሁን የታለ እሱ?» አለች ትርንጎ።

«እ... ሲወጣ ገፍቶኝ ነው።»

ነባሩንም ነቅላ መልሳ ሰካችው። ጢጥ! ጢጥ! ጢጥ! ትርንጎ ራሷን ያዘች። ትናንት ቢያንስ እየተንፏቀቀች ትሠራ የነበረችው ኮምፒዩተር ጭራሽ ዲዳ ሆነች! ስድስቱም ገጽ ከሆዷ ውስጥ ቀረ።

«እቴ፣ ይርዳውን...» አሉ አያ ደምለው።

«አያ ደምለው፣ በእናትዎ! ሞቼ ነው ቆሜ አልኩዎት እኮ!»

«እሺ በእጅሽ ጻፊልኝ።»

«ኮሚቴው የእጅ ጽሑፍ አይቀበልም።»

ረቡዕም ሄደ።

ሐሙስ ትርንጎ ነቀለች፣ ሰካች። ነቀለች፣ ሰካች። ጢጥታው ጆሮዋ ውስጥ ገብቶ ቤት ሠራ። አያ ደምለው አንገታቸውን ደፍተው «ለሴቶቹ ምን እላቸዋለሁ?» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው። ይርዳውን ብንጠራው አላሉም። መልሷን ለምደውታል።

ይኼኔ በቅሎዋ ጭንቅላቷን በበሩ አስገባች።

«ሦስት ቀን ሙሉ ታስሬ ሰማኋችሁ፤ በቃኝ!» አለች። «እኔ ጭነት ሲበዛብኝ እተኛለሁ። ስተኛ ያወርዱልኛል። ማንም በዚህ ንቆኝ አያውቅም። እዚህ ቤት ግን ያ ሜሞሪ ‹አልከበደኝም› ይላል፣ አንቺም ‹ሞቼ ነው ቆሜ› ትያለሽ፤ ውኃ የሚጠማው ግን ጥጃው ነው!»

ትርንጎ ፊቷ ጋለ። ነጠላዋን አጣፋች፣ ወጣች፣ ከጎረቤቷ በር ላይ ቆመች።

«ይርዳው።»

«አቤት፣ እትዬ ትርንጎ።»

«ያቺ ሙዚየም ያልካት... አልነሳ አለችኝ።»

«ምነው ማክሰኞ ብትነግሪኝ!»

«ማክሰኞማ ተኳርፈን ነበር።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬም ነን። ግን ና።»

ይርዳው መጣ። ኮምፒዩተሯን ከመብራት ነቀለ። ነባሩን ሜሞሪ አውጥቶ ወደ ብርሃን ያዘው። የሜሞሪ ጥርሶች ወርቃማ ናቸው፤ የዚህ ግን ጠቁረዋል፣ ዝገውማል።

«አይ!» አለ ነባሩ። «አታሳያት!»

«ይኸው ነው ነገሩ፣ እትዬ» አለ ይርዳው። «ጥርሱ ስለቆሸሸ ከመቀመጫው ጋር አልገናኝ ብሏል። አንዴ ሲነቃነቅ ጊዜ ጨርሶ እምቢ አለ። አዲሱ ምንም አላጠፋም።»

ከኪሱ ላጲስ አወጣ። የነባሩን ጥርሶች ቀስ አድርጎ አሻቸው። አቧራውን በብሩሽ ጠረገ። ነባሩን ሰካ፣ አዲሱን ከጎኑ ሰካ፤ ግራና ቀኝ መያዣዎቹ ቀጭ እስኪሉ ድረስ በሁለት አውራ ጣቱ ተጫናቸው።

«አሁን አስነሺያት።»

ጢጥ! አለች ኮምፒዩተሯ፤ አንዴ ብቻ። ከዚያ መስኮቷ ቦግ አለ። ስድስቱም ገጽ እንዳሉ ናቸው።

አያ ደምለው እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ትርንጎ ግን ወደ ሜሞሪው ጎንበስ አለች።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ጥርሴን ካየሽ ትጥዪኛለሽ ብዬ ነዋ።»

«ደብቀህስ ስንቴ ነቀልኩህ?»

«ቆጥሬ ቆጥሬ ተውኩት» አለ ሜሞሪው።

ትርንጎ ልትቆጣው አፏን ከፈተች። ይርዳው ከኋላዋ ቆሞ ላጲሱን ያራግፋል። አፏን መልሳ ዘጋች።

አያ ደምለው ተናገሩ፣ እሷም ጻፈች። አሁን ቃሉ ከአፋቸው ሳይወድቅ መስኮቱ ላይ ነው። ነባሩ ግማሹን ያዘ፣ አዲሱ ግማሹን ያዘ፤ የሚያለከልክም የለም። ፀሐይ ሳትገባ አሥራ አንድ ገጽ ታትሞ፣ ሽማግሌው የጣት አሻራቸውን አሳረፉ።

ዓርብ ጠዋት አቤቱታው ኮሚቴው ፊት ተነበበ። በሁለተኛው ሳምንት አጥሩ ተነቀለ፣ ሴቶቹም ከምንጫቸው ቀዱ። ሦስት ጥጆች ግን፣ አያ ደምለውና በቅሎዋ ትርንጎ ጋ በቆዩባቸው በእነዚያ ቀናት፣ ውኃ የሚጭንላቸው አጥተው ሞተዋል፤ አንዷ የአያ ደምለው ነበረች። እሳቸው ይህን ለትርንጎ አልነገሯትም። የነገረቻት በቅሎዋ ናት።

ልጆቼ፣ ከዚህ ተረት አንድ ነገር ያዙ። «አልከበደኝም» የሚል ሰው ሸክሙን ብቻውን የተሸከመ ይመስለዋል፤ የተሸከሙለት ግን ደጅ ቆመው የሚጠብቁት ናቸው።