ድንበሩ የገዛት ግማሽ ጨረቃ

«ተረቴ ደጅ ቆሟል።»
«ይግባ!»
«እግሩ ጭቃ ነው።»
«ቢሆንም ይግባ!»

እሺ፣ ገባ። ጠጋ በሉለት።

ድሮ ነው። ድንበሩ የሚባል አንድ ሀብታም ነበር። መሬቱ ከወንዙ እስከ ጋራው ይደርሳል። አጥር ይወዳል። ልጅ ሲወለድለት አጥር ያጥራል። ዘመድ ሲሞትበትም አጥር ያጥራል።

በዚያ አገር አንድ ደንብ ነበር። ከብትህ የሰው አዝመራ ውስጥ ከገባች ትያዛለች። ያጠፋችውን ክሰህ ታስለቅቃታለህ። ደንቡ የሁሉም ነው፤ እንደ ድንበሩ የሚወደው ግን አልነበረም። የጎረቤት ጥጃ በአጥሩ ቀዳዳ አፍንጫዋን ካስገባች፣ በአፍንጫዋ ይይዛታል።

ምድሩን አጥሮ ሲጨርስ ቀና አለ። ጨረቃ ወጥታለች። አጥር የላትም።

«ይህች የማን ናት?» አለ።

በመንገድ የሚያልፍ አንድ እንግዳ ቆመ።

«የአባቴ ርስት ናት።»
«ትሸጣታለህ?»
«ሙሉዋን አልሸጥም። ለልጆቼ ምን ላወርስ? ግማሿን ውሰድ።»
«ዋስ አለህ?»
«ፀሐይ ትዋሰኛለች። በየቀኑ እዚህ ስለምትመጣ አታጣትም።»

ድንበሩ አሰበ። በየቀኑ የሚመጣ ዋስ አይቶ አያውቅም። ቦራ በሬውን ፈትቶ ሰጠ። እንግዳው በሬውን እየነዳ ሄደ። ጨረቃዋን እዚያው ተወለት።

«አባባ፣ ጨረቃ ትገዛለች እንዴ?»

መግዛቱንስ ገዛት። ችግሩ ማሰሪያው ላይ ነው። ዝም ብላችሁ ስሙ።

ድንበሩ በመንደሩ ዞረ። መጀመሪያ አውድማ ደረሰ። ቀን ሐሩሩ ስለበረታ ሰዎቹ ጤፋቸውን የሚወቁት ምሽት ላይ ነው።

«በማን ብርሃን ነው የምትወቁት?»
«በጨረቃ።»
«በማን ጨረቃ?»

«የገዛኋት የኔ ናት» አለ። ቁናውን ሞልቶ፣ ጤፉን ተሸክሞ ሄደ።

ቀጥሎ ሠርግ ቤት ደረሰ።

«በማን ብርሃን ነው የምትጨፍሩት?»
«በጨረቃ ነዋ!»
«በማን ጨረቃ?»

ከበሮው ቆመ። የሙክቱን ወርች አንጠልጥሎ ሄደ። ሙሽራው አጥንት ጋጠ።

በመጨረሻ አንጓች ደጅ ደረሰ። አንጓች ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ያላት አንዲት ጊደር ብቻ ነች። ጊደሯ ልትወልድ ተቃርባለች። ከወለደች የአንጓች ልጆች ወተት ይቀምሳሉ፤ ካልሆነ እንደለመዱት ውሃ ጠጥተው ይተኛሉ። ያን ዕለት ጊደሯ ከግጦሽ ዘግይታ፣ ዓይን ለዓይን መተያየት ሲያቅት ገባች።

«በማን ብርሃን መጣች?» አለ ድንበሩ።

አንጓች የመንደሩን ወሬ ሰምታለች።

«መንገዱን ታውቀዋለች» አለች።
«መንገዱን ታውቅ ይሆናል። ጉድጓዱን ያሳየቻት የኔ ጨረቃ ናት።»

ጊደሯን ይጎትታት ጀመር።

«አያ ድንበሩ፣ ልጆቼስ?»
«እኔ ጨረቃ እንጂ ልጆች አልገዛሁም።»

በማግስቱ አንጓች ዳኛ ዘንድ ከሰሰች። ዳኛው በሾላ ጥላ ሥር የሚያስችሉ ሽማግሌ ናቸው። መንደሩ ሁሉ ተሰበሰበ። በዚያ ዘመን ተሟጋች ቃሉን የሚያጸናው በውርርድ ነበር። አንዱ ማር ይወራረዳል፣ አንዱ በግ፤ ቃሉን ያጠፈ ያስያዘውን ያጣል።

«ዳኛዬ፣» አለች አንጓች፣ «ስለ ጊደሬ በኋላ እናገራለሁ። በፊት አንድ ነገር ይንገረኝ። አያ ድንበሩ፣ ጨረቃዋ የማን ናት?»
«የኔ ናት።»
«ሰው ይሰማሃል። የማን ናት?»
«የኔ!»
«እንዳታፍርባት ነው። የማን ናት?»
«የኔ ናት አልኩ! የኔ ባትሆን በቅሎዬ ትወረስ!»

«ሰማችሁ?» አሉ ዳኛው።
«ሰምተናል» አለ መንደሩ።

አንጓች ነጠላዋን አደገደገች።

«እንግዲያው ካሳዬን ይስጠኝ። የሱ ጨረቃ ትናንት አጥሬን ዘላ ገባች። አላስፈቀደችኝም። ለጃርት እያበራች ዱባዬን አስበላችው። ከብቱ የሰው አዝመራ ያጠፋችበት ይክሳል።»

ዳኛው ጢማቸውን ዳሰሱ። «ደንቡ ነው» አሉ።

ከኋላ አንድ ሰው ብድግ አለ። «እኔንም ይስሙኝ! ጅብ በጌን የወሰደው በሱ ጨረቃ ነው። ጅቡ ደስ ብሎት ሲስቅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ሌላው ቀጠለ። «ቀፎዬን ሌባ አራቆተው። ጨለማ ቢሆን ዛፉን መች ይወጣ ነበር!»

ሦስተኛው እያለቀሰ መጣ። «ልጄ ኮበለለች!»
«ከማን ጋር?» አሉ ዳኛው።
«እሱን የምታውቀው ጨረቃዋ ናት።»

ድንበሩ ላቡን ጠረገ።

«ዳኛዬ፣ እኔ የገዛሁት ግማሿን ነው። ይህን ሁሉ ያጠፋችው ሌላዋ ግማሽ ናት።»

«አያ ድንበሩ፣» አለች አንጓች፣ «አጥርህ ውስጥ የገባችው ጥጃ የበላችው በአፏ ብቻ ነበር። ጭራዋን ለቀህላት ታውቃለህ?»

መንደሩ ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም። ድንበሩ ዋሱን ፈለገ። ፀሐይ ከራሱ በላይ ነበረች። መንገዷን ቀጠለች።

ዱባውን አሰበ፤ በጉን፣ ማሩን፣ ልጃገረዷን አሰበ። ጨረቃ ዛሬ ማታም ትወጣለች። ነገም ትወጣለች። ጅቡም አልሞተም።

«ጨረቃዋ የኔ አይደለችም» አለ ቀስ ብሎ።
«አልሰማንም!» አለ መንደሩ።
«የኔ አይደለችም!»
«በቅሎዋን አምጣ» አሉ ዳኛው።

ጤፉ ለባለቤቶቹ ተመለሰ። ወርቹ ተበልቶ ስለነበር በቅሎዋ ለሙሽሮቹ ተሰጠች። ጊደሯን አንጓች ራሷ ከድንበሩ በረት ፈታች። በሳምንቱ ጊደሯ ወለደች፤ ልጆቹ አፋቸው ላይ አረፋ ይዘው ተኙ።

ድንበሩ በእግሩ ወደ ቤቱ ሲሄድ መሸበት። ጨረቃ ወጣች፤ ሙሉ ነች። ጉድጓዱን አሳየችው። ምንም አልጠየቀችውም።

ዳኛው ያን ዕለት ችሎቱን ሲያሰናብቱ የተናገሩት ቃል በአገሩ ምሳሌ ሆኖ ቀረ፦

ወተቷን ያለበ፣ ጥፋቷን ይካስ።

«በሉ፣ ተረቴ ሊወጣ ነው።»
«ይቆይ!»
«አገሩ ሩቅ ነው። በጨረቃ ይደርሳል።»
«ማንን አስፈቅዶ?»
«ማንንም።»