የአትጠገብ ጎተራ

ድሮ ድሮ፣ ሰውና እንስሳ ሳይተፋፈሩ በሚያወሩበት ዘመን፣ በአንድ አገር አትጠገብ የምትባል ሴት ነበረች። ባል አላገባች፣ ልጅ አልወለደች፤ ዕድሜዋን የሰጠችው ለእንስሳት ነው። ጀርባዋ የቆሰለ በቅሎ፣ ዓይኑ የጠፋ በሬ፣ ጌታው ያባረረው ውሻ፣ ሁሉም እሷ ዘንድ ነበር የሚያድሩት። ያሳደገቻት የወንድሟ ልጅ ትርንጎ፣ «አክስቴ፣ ደግሞ ሌላ አመጣሽ?» ስትላት፣ «ምን ላድርግ ልጄ፣ እግሩ ወደኔ መራው» ትላት ነበር።

አትጠገብ ክረምት ሊገባ ሲል ሞተች። እንስሳቱም ትርንጎም አለቀሱ።

በሦስተኛው ቀን ጦጣ ፊቷ ላይ አመድ ነስንሳ፣ ደረቷን እየደቃች መጣች። «እኔን ነበር የምትወደኝ፤ ጎተራውንም ለኔ ነው የተናዘዘችልኝ» አለች።

የጎተራው እህል የክረምቱ ቀለብ ነው። እሱ ከሄደ በሬውም በቅሎዋም መስከረምን አያዩም።

«ውሸቷን ነው» አለ ውሻው። «እትዬ አትጠገብ ሲሞቱ እግራቸው ሥር ነበርኩ።»

«አንተማ ተኝተህ ነበር» አለች ጦጣ።

ትርንጎ አልተቆጣችም፤ አክስቷን ታውቃታለችና። «ደግ፣ ኑዛዜ ይከበራል። ግን አክስቴ ጎተራውን የምትከፍተው በሬውን ውሃ አጠጥታ፣ የበቅሎዋን ቁስል አጥባ ነው። ወራሿም እንደዚያው ታድርግ።»

«ይኼማ ቀላል ነው።»

ጦጣ በሬውን እየሳበች ወደ ወንዝ ወረደች። መንገድ ላይ የበሰለ ሾላ ብታይ ገመዱን ጥላ ዛፉ ላይ ወጣች። ዕውሩ በሬ ወደ ገደሉ ሲያዘግም፣ ከኋላ ትከተል የነበረችው ትርንጎ ሮጣ ያዘችው።

«ምነው ጦጢት?»

«እኔን ነበር የምትወደኝ፤ ትንሽ ባርፍ ምን አለበት?»

ቀጥላ ወደ በቅሎዋ ሄደች። ቁስሉ ሸተታትና አፍንጫዋን ይዛ ከሩቅ በእንጨት ጎረጎረችው። በቅሎዋ አመማትና በእርግጫ አለቻት። ጦጣ አጥር ሥር ወደቀች፤ እጇም ተሰበረ።

«እኔ ወራሽ ነኝ እንጂ አሽከር አይደለሁም» አለች እያቃሰተች።

«አክስቴኮ ዕድሜዋን ሙሉ የእናንተ አሽከር ነበረች» አለች ትርንጎ። «የሷ ወራሽ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል?»

እንስሳቱም በጦጣ ዙሪያ ቆመው ያዩዋታል። «በሞተችበት ቀንስ የሰው በቆሎ ስሰርቅ ነበር የዋልኩት» አለች በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

ትርንጎ መሬት ላይ ተቀመጠች። የጦጣን እጅ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በቀርከሃ ስንጥር ደግፋ አሰረችላት።

ጦጣ አቀረቀረች። «ከዋሸሁሽ በኋላ ለምን?»

«ለታመመ ለምን አይባልም» አለችና ተነስታ ጎተራውን ከፈተች። ሐዘኗ አልወጣላትም፤ እጇ ግን ሥራውን ያውቀው ነበር። ያን ክረምት ከእንስሳቱ አንድም አልጎደለ።

እኔም ከአያቶቼ የሰማሁትን ነገርኳችሁ። እናንተም ልብ በሉ፤ እንባማ ይደርቃል፣ ወዳጅ በሥራው ይታወቃል።